ጠዋት ተክሊል፣ ቀን ምሳ፦ ለሰርግ ምን ልልበስ?

ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት ጥያቄ አጭር ነበር። በጥር የአክስቴ ልጅ ታገባለች። ተክሊሉ እሁድ ከቅዳሴው ጋር ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን መገኘት አለብን። ከዚያ 7 ሰዓት ላይ አዳራሽ ምሳ አለ። ማታ ምንም ፕሮግራም የለም። ሚዜ አይደለሁም፤ ግን የቅርብ ዘመድ ስለሆንኩ ከፊት ነው የምቀመጠው። ለቤተ ክርስቲያን አንድ ልብስ፣ ለአዳራሽ ሌላ ልብስ ይዤ መኪና ውስጥ መቀየር አልፈልግም። ከሌሊት እስከ ከሰዓት የሚያዛልቅ፣ ለሁለቱም ቦታ የሚመጥን አንድ ልብስ ምን ይሻላል? ባለቤቴስ ሱፍ ይበቃዋል ወይስ እሱም የሀበሻ ልብስ ይልበስ?

መልሱ ካሰብኩት በላይ ረዘመ። ጥር እየደረሰ ስለሆነ ተመሳሳይ ጥያቄ ያለው ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ስለዚህ የተባለውን በየቁጥሩ፣ የመሰለኝንም በየመሀሉ እነግራችኋለሁ።

1ኛዋ መላሽ በአንድ መስመር ጨረሰችው። የሀበሻ ቀሚስ ልበሺ፣ ሌላ ምን አለ አለች። 2ኛዋ ተስማማችና ሽፎን የሆነውን መረጠች። ቀላል ነው፣ ቶሎ አይጨማደድም፣ ፎቶ ላይም ያምራል ባይ ናት።

ነገሩን መስመር ያስያዘችው 3ኛዋ ናት። ልብሱን በአዳራሹ ሳይሆን ከቀኑ ሁሉ በሚከብደው ሰዓት ለኪው አለችኝ። የሚከብደው ደግሞ ቅዳሴው ነው። ለሰዓታት ትቆሚያለሽ። ትሰግጃለሽ። ጫማ ታወልቂያለሽ። ነጠላሽ ከራስሽ ላይ መውረድ የለበትም። የጥር ሌሊት ያንቀጠቅጣል፤ 7 ሰዓት ላይ ደግሞ ያው ፀሐይ አናት ይበሳል። እዚያ የሚመች ልብስ አዳራሽ ገብቶ አያሳፍርም፤ ለአዳራሽ ብቻ የተሰፋ ግን ቅዳሴ ላይ ያሰቃያል። ሽፎንን በተመለከተም 2ኛዋን በጨዋነት አረመቻት። ብዙው ሽፎን ስስ ነው፣ ለሌሊቱ ብርድ አይሆንም፣ ነጠላውም ከላዩ ላይ እየተንሸራተተ ያስቸግራል አለች። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ከዚህ በኋላ የመጣውን ምክር ሁሉ የመዘንኩት በእሷ ሚዛን ነው።

4ኛዋ ስለ ጫማ ብቻ ጻፈች፤ ግን በደንብ። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ድንጋይና ሣር ነው፤ ቀጭን ታኮ ይሰምጣል። ማሰሪያው የበዛ ጫማ ደግሞ በር ላይ ሰው እየገፋሽ ለመፍታት ጎንበስ ያስብልሻል። ዝቅ ያለ፣ በአንድ እጅ የሚወልቅ ጫማ አድርጊ፤ ታኮውን ለአዳራሽ መኪና ውስጥ አስቀምጪ አለች። ጫማ መቀየር ልብስ እንደመቀየር አይደለምና ይህን ተቀብያለሁ።

5ኛው ወንድ ነው፤ ለባለቤቴ መለሰለት። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ግራጫ ሱፍ ይበቃል፤ ጥቁሩን ለማታ ይተወው፣ በቀን ብርሃን አቧራውም ክሩም ይታይበታል አለ። ነጭ ሸሚዝ፣ ደማቅ ያልሆነ ከረባት። ቅዳሴ ላይ ከሱፉ በላይ ነጠላ ይደርባል። ዋናው ግን ካልሲው ነው ብሎ አጥብቆ ጻፈ። ጫማ በሚወለቅበት ቦታ ካልሲ የልብሱ አካል ነውና አዲስና ንጹሕ ይሁን፤ ከሱሪው ጋር ይሂድ። ስንቱ ሰው በውድ ሱፍ መጥቶ እዚህ ላይ እንደሚሸማቀቅ አይቻለሁ፤ ልክ ነው።

6ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው ቤተ ክርስቲያን የልብስ ማሳያ አይደለም ብሎ ጀመረ። እጅ አልባ ቀሚስ፣ ጀርባው የተከፈተ፣ እስከ ጭን የተቀደደ እየተለበሰ ሥጋ ወደሙ ፊት ይቆማል አለ። ሊፒስቲክ ተቀብቶ መስቀል መሳለምንም አነሳ። የአሁን ሴቶች ብሎ ሁሉንም በአንድ ጅምላ ወቀሰ። 7ኛዋ ወዲያው መለሰችለት። የተናገርከው ሥርዓት እውነት ነው፤ ግን እህታችን የጠየቀችው በሥርዓቱ ለመልበስ ፈልጋ ነው፣ የጠየቀን ሰው ለምን ትቆጣለህ አለችው። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ክንድና ትከሻ የሚሸፍን፣ ከጉልበት በደንብ የሚወርድ ቀሚስ ያስፈልጋል። ሱሪ ለሴት እዚያ አይሆንም። ሊፒስቲኩ ከቅዳሴ በኋላ ይደርሳል። ይህን ለማለት ግን ሰው ማዋረድ አያስፈልግም።

8ኛው መልስ ከሽሮ ሜዳ መጣ። ጸሐፊው ሸማኔ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከጋሞ፣ ከጨንቻ በኩል እንደመጡ ነገረን። የሱን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት፤ የሚያውቀውን በእጁ ስለሚሠራው ነው መሰለኝ አንድም ትርፍ ቃል የለውም። መጀመሪያ ስለ ጊዜ ተናገረ። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት ሳምንታት ሰርጉ ስለሚደራረብ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ያዛል። ታኅሣሥ ላይ የመጣ ደንበኛ ወይ ይጣደፍለታል ወይ የሌላ ሰው ትርፍ ይሸጥለታል። ስለዚህ በጥቅምት እዘዙ። ሁለተኛ ስለ ክሩ። የእጅ ፈትል ይሞቃል፣ ይተነፍሳል፣ ለሌሊትም ለቀንም ይሆናል፤ ግን ይጨማደዳል፣ ክብደትም አለው። በፋብሪካ ክር የተሠራው ለስለስና ቀለል ይላል። የሚያብረቀርቀውን ክር ለማታ አድርጉት፤ በቀን ፀሐይ ዓይን ይወጋል፣ ፎቶ ላይም ጥለቱን ያጠፋዋል አለ። ለቀን የሚያምረው ደብዘዝ ያለ የጥጥ ጥለት ነው፤ ስፋቱም ከእጅ መዳፍ ባይበልጥ ይመረጣል። ሦስተኛ ቀለም። ቀይና ጥቁር ክር አንዳንዴ ነጩ ላይ ይለቃል። ሳትገዙ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ጫን አድርጋችሁ እዩ።

9ኛዋ የታተመውን ከተሸመነው በምን እለያለሁ ብላ ጠየቀችው። 10ኛው ላይ ተመልሶ መጣ። ገልብጠሽ እዪው፤ የታተመ ከሆነ ጀርባው የደበዘዘ ወይም ባዶ ነው፣ የተሸመነ ከሆነ ክሩ ከጀርባም ይገኛል አላት። ጥልፍም ቢሆን ከጀርባ ስፌቱ ይታያል። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ። ከውጭ ታትሞ የሚገባው ጨርቅ የኛን ንድፍ ወስዶ በርካሽ ይሸጣል፤ እኛ የሽመና ጉድጓዳችን ውስጥ እግራችንን ከተን ሳምንት የለፋንበት ጥበብ ንድፉ ታትሞ በሁለት ቀን ገበያው ላይ ይደርሳል። አቅም የሌለው ይግዛው፣ አልከለክልም፣ ግን የሸማኔ ሥራ ነው ብሎ የሚሸጥልሽን አትመኚው አለ። ይህ ነገር ያመኛል። ለሰርግ የምንለብሰው ልብስ የሰው ጉልበት ያለበት ነው፤ ሠሪው ከተረሳ ቀሪው ጌጥ ብቻ ነው።

11ኛዋ ከድሬዳዋ ናት። ይህ ሁሉ ምክር ለአዲስ አበባ ነው አለች። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ብርድ ብርድ ትላላችሁ፤ እኛ ጋ በቀን ኒካሕ ላይ ፈትል የለበሰ ሰው ላብ ያጠምቀዋል። ስስ ጥጥ፣ ሰፊ ልብስ፣ ድሪያም ቢሆን ጥሩው ተመርጦ በሻርፕ ይለበሳል አለች። በክርስቲያን ሰርግ ላይ እንግዳ ሆና ስትሄድም ረጅም እጅ ቀሚሷንና ሻርፗን እንደማትቀይር፣ ማንም እንዳልከፋው ጻፈች። ጨዋታው ትንሽ ሰፋ፤ ጥሩ ነው የሰፋው።

12ኛዋ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጻፈች። የሥራ ባልደረባዋ አሜሪካዊት ናት፤ የቀን ሰርግ ጠርታታለች። የጥሪ ወረቀቱ እንግዶች ነጭ እንዳይለብሱ ይላል። ያላት ጥሩ ልብስ ደግሞ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ነው። ልተወው ወይስ ባህሌ ነው ብዬ ልልበስ ስትል ጠየቀች። 13ኛው ታሪክ ነገራት። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 እ.ኤ.አ. ነጭ ለብሳ ካገባች በኋላ ነው ነጭ የሙሽራ ቀለም የሆነው አለ። 14ኛዋ አረመችው። ቪክቶሪያ አስፋፋችው እንጂ አልጀመረችውም፤ የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ በ1558 ፓሪስ ውስጥ በነጭ ልብስ አግብታለች አለች። እርማቱ ትክክል ነው።

15ኛው ተቆጣ። እኛ ከነሱ በፊት ነጭ ለብሰን ሰርግ ስንሄድ ኖረናል፣ ዛሬ ለምን በነሱ ልክ እንለካለን አለ። እኔ እዚህ ላይ ሁለቱን መለየት እፈልጋለሁ። አገራችን ላይ እንግዳው ነጭ ቢለብስ ሙሽራዋን አይሻማትም። ቬሎ ለብሳ ትገባለች፣ ካባ ትደርባለች፣ አክሊል ትደፋለች፤ ማን ሙሽራ እንደሆነች የሚጠፋው ሰው የለም። በሰው አገር፣ በሰው ጥሪ ግን የጠራሽን ሰው ማክበር ይቀድማል። ለ12ኛዋ የመለስኩላትም ይህን ነው። ቀለም ያለው የሀበሻ ቀሚስ አለ፤ ውኃ ሰማያዊ፣ ቡና ዓይነት፣ የወይን ጠጅ። ወይም ደግሞ ባለቀለም ቀሚስ ላይ ነጠላውን እንደ ሻርፕ ጣል ማድረግ ይቻላል። ልብሷም ባህሏም አይቀሩም፣ ባልደረባዋም አትከፋም።

16ኛዋ ከእስራኤል፣ ከነታንያ። ስለ ነጭ ስታወሩ የቤተ እስራኤሎች በዓል ስግድ ትዝ አለኝ አለች። ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ኢየሩሳሌም ይወጣሉ። እናቶች በነጭ ቀሚስና በነጠላ፣ ቄሶቹ ባለቀለም ጥላ ተይዞላቸው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስራኤል ምክር ቤት በክኔሴት ሕግ የአገር በዓል ሆኗል። ልጆቿ በአዘቦት የሀበሻ ልብስ አንለብስም ይላሉ፤ ለስግድ ግን ራሳቸው ይጠይቋታል። ከርዕሱ ወጣ ያለ ነው፤ ግን በቀን፣ በፀሐይ፣ ቆሞ ለመጸለይ ስለሚለበስ ልብስ ከሷ በላይ ማን ያውቃል? ቀሚሷን የምታሰፋው ከቁርጭምጭሚት ከፍ አድርጋ ነው፤ ዳገት ስትወጣ እንዳይጎትታት።

17ኛው ላይ ሁላችንም ዝም አልን ማለት ይቻላል። ጸሐፊዋ አባቷን ካጣች መንፈቅ አልፏል፤ ሙት ዓመቱ ገና ነው። ጥቁር ለብሳለች። የልብ ጓደኛዋ በጥር ታገባለች። ጥቁር ለብሼ ብሄድ ሙሽራዋን አስደነግጣለሁ፣ ባወልቅ አባቴን የረሳሁ ይመስለኛል፣ ብቀር ደግሞ ጓደኛዬ ዕድሜ ልኳን ታስታውሰዋለች አለች።

18ኛዋ እናት ናቸው፤ አጻጻፋቸው ያስታውቃል። ልጄ ብለው ነው የጀመሩት። እሳቸው ባላቸውን አጥተው ሳለ የእህታቸው ልጅ ሰርግ ደርሶባቸው ነበር። የቤቱ ትልቅ ሰው ጠርቶ ለአንድ ቀን ጥቁሩን አውልቀሽ ደስታውን አድምቂ፣ ነገ መልሰሽ ትለብሺዋለሽ ብሎ ፈቀደላቸው። ግራጫ ቀሚስ ለበሱ። ነጠላቸውንም አላዘቀዘቁም፤ ጥለቱን እንደ ደስታ ቀን ወደ ታች አደረጉት። አንቺም እናትሽን ጠይቂ፣ ከሷ አፍ ፈቃዱን ከሰማሽ ልብሽ አይከፈልም አሏት።

19ኛው በዚህ ዘመን ለልብስ ፈቃድ ይጠየቃል ወይ ብሎ ጣልቃ ገባ። ያዘነ በልቡ ያዝን አለ። ቃሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱ ግን አልነበረም። ጠያቂዋ የፈለገችው ከቤቷ ጋር ሳትጣላ መሄድን ነው። 20ኛው ዲያቆን እንደሆነ ተናግሮ ቤተ ክርስቲያን ጥቁር የለበሰን ከበር አትመልስም፣ ከላዩ ነጭ ነጠላ ስትደርቢ እንደ ማንኛውም ምእመን ነሽ፤ ቅዳሴውን አስቀድሽ፣ አዳራሹን ካልቻልሽ ጓደኛሽ ይገባታል አላት። ከሁሉም መልስ እነዚህን ሁለቱን፣ 18ኛውንና 20ኛውን፣ ማንም ሰው ቢያነባቸው ደስ ይለኛል።

ከ21 እስከ 23 ጭቅጭቅ ነው። 21ኛዋ የሰርግ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥለት ይልበስ መባሉ አስመርሯታል። በአንድ ዓመት ሦስት ሰርግ ተጠርታ ሦስት የማይደገም ልብስ አሰፍታለች። እምቢ ብትል ዘመድ ይቀየማል፣ ይሉኝታው ያንቃል አለች። 22ኛዋ የሙሽራ እህት ናት። እኛ እኮ አንድ የሆንነው ቤተሰቡ በአንድ እንዲታይ ነው፣ ማንንም አላስገደድንም ብላ ተከላከለች። 23ኛው ያላስገደደ ሰው ዋጋውን በግሩፕ አይልክም ብሎ መለሰላት፤ ትንሽ ሸንቆጥ የሚያደርግ ነበር። የኔ ሐሳብ ይህ ነው። አንድ መምሰል ከተፈለገ ነጠላው ወይም ለወንዶች ሻርፑ ብቻ አንድ ይሁን። ነጭ ቀሚስ የሌላት ዘመድ አትኖርም፤ ጥለቱን በነጠላ ማስማማት ወጪውን በጣም ይቀንሳል። ደግሞም ነጠላው ለሚቀጥለው በዓል ይለበሳል።

24ኛው የጋሞ ልጅ ነው። በቁጭት ጻፈ። ስለ ሀበሻ ልብስ ስታወሩ ነጩን ብቻ ነው የምታወሩት አለ። ነጩን የሚሸምንላችሁ ሕዝብ የራሱን የክብር ቀን የሚያከብረው በዱንጉዛ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ሆኖ በሩቅ የሚታይ። ለአዲስ አበባ ሰርግ ዱንጉዛ ለብሶ ሲሄድ የዘፈን ቡድን አባል ነህ ወይ ብለው ጠይቀውታል። ይህ ያሳፍራል። ለጋሞ ሽማግሌ ዱንጉዛ ሙሉ የክብር ልብስ ነው፤ ማንም የሰርግ ጠሪ በደስታ ሊቀበለው ይገባል። 8ኛው ሸማኔ እዚህ ላይ አመሰግናለሁ ብቻ ብሎ ጻፈ። 25ኛው ቁጥር እሱ ነው።

26ኛው አዛውንት ስለ ወንዶች አነሱ። የአባታቸው ዘመን የክብር ልብስ እጀ ጠባብ፣ ተነፋነፍ ሱሪና ኩታ እንደነበር፣ ሱፍ ሲመጣ ኩታው ከላይ እንደቀረ ነገሩን። ባለቤቴ ሱፍ ከለበሰ ኩታውን አዳራሽ ውስጥም ትከሻው ላይ ቢተወው አሳምረው እንደሚደግፉ ገለጹ። ወድጄዋለሁ።

27ኛዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስለ ልክ ጻፈች። ስስ ነጭ ጨርቅ ጥላ ውስጥ ምንም አይመስልም፤ ግቢው መሀል ፀሐዩ ከኋላ ሲመጣ ግን ሰውነት ያሳያል። ስለዚህ ገበሩ እስከ ታች ይድረስ፣ መስኮት ፊት ቆመሽ አንድ ሰው ይይልሽ አለች። ሰግደሽ፣ እጅሽን አንስተሽ፣ ተቀምጠሽ ሞክሪው። ወገቡ ላይ ለምሳው ትንሽ ቦታ ይኑረው። ማታ የሚለበስ ልብስ ሲጠብም ያልፋል፤ ከሌሊት እስከ ከሰዓት የሚለበስ ግን አያልፍም።

28ኛው የኔ ነው። የወሰንኩትን ጻፍኩ። የፈትል ቀሚስ፣ እጁ ረጅም፣ ጥለቱ ቀጭንና ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ገበሩ ሙሉ። ነጠላው ከቀሚሱ ጋር። ለሌሊቱ ጋቢ መኪና ውስጥ፤ ፀሐይ ሲወጣ እዚያው ይቀራል። ባለቤቴ ግራጫ ሱፍ ከኩታ ጋር። ትዕዛዙን ለ8ኛው ሸማኔ ሰጥቻለሁ፤ ፎቶግራፍ አንሺው ሙሽሮቹን ወደ እንጦጦ ፓርክ ሲወስዳቸው ቤተሰብ ይከተል ከተባለ ጋቢው ያስፈልገኛል፣ እዚያ ላይ ከከተማው ከፍ ይላል፣ ነፋሱ አይቻልም።

29ኛዋ ጨዋታውን ወደ ሌላ ወሰደችው። የእህቷ ምርቃት በሐምሌ ነው፤ ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ለዚያስ ምን ይሻላል አለች። ለብቻው መከፈት ያለበት ጥያቄ ነው፤ ግን ባጭሩ መለስኩላት። ተመራቂዋ ጥቁር ጋውን ስለምትደርብ የሚታየው የአንገቷ ዙሪያ፣ የቀሚሷ ጫፍና ጫማዋ ብቻ ነው። ገንዘቡን እዚያ ላይ ታውለው። ቀሚሱ ከጋውኑ ያጠረ፣ ጫማው የተዘጋና ወፍራም ሶል ያለው ይሁን። ቤተሰቡ ደግሞ ነጩን ለቤት ምሳ ያቆየው፤ ሜዳው ላይ ጠቆር ያለ ቀለምና ጃንጥላ ይሻላል።